«መንገዱ ጠባብ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፦ በስኮትላንድ ገጠር የግንባታ ማመልከቻ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

የምኖረው ሰሜን ስኮትላንድ ውስጥ፣ ሃይላንድስ በሚባለው አካባቢ፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ ከቀኑ ግማሹን መኪና ውስጥ ነኝ። መንገዳችን አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከፊት ሌላ መኪና ከመጣ አንዳችን መተላለፊያ ውስጥ ገብተን እንጠብቃለን። መተላለፊያ፣ እዚህ ፓሲንግ ፕሌስ የሚሉት፣ አስፋልቱ ለአንድ መኪና ያህል ወደ ጎን ሰፋ ያለበት ቦታ ነው። እሱ ሩቅ ከሆነ ዳገት ሆነ ኩርባ ወደ ኋላ መንዳት ነው፣ ያውም በክረምት አስፋልቱ በረዶ ጋግሮ።

እንዲህ ባለ መንገድ ጫፍ ላይ ስምንት ቤት ሊሠራ ነው፣ የካራቫን ማረፊያ ሊከፈት ነው፣ የድንጋይ ካባ ሊቆፈር ነው ሲባል ሰው ይደነግጣል። አይፈረድበትም። ችግሩ ድንጋጤውን እንዳለ ወረቀት ላይ ሲያወርደው ነው። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጸጥታው፣ ስለ ተራራው፣ ኑሯችን ስለሚበላሸው ጻፍኩ። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ አባት፣ ግማሽ ገጽ ጻፉ። የመንገዱን ስፋት በሜትር ለክተው፣ ፎቶ አያይዘው፣ በመጨረሻ ሦስት ነገር ጠየቁ። የእኔ ደብዳቤ ማመልከቻውን በሚመረምረው የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ባለሙያ ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ሆና ቀረች። የእሳቸው ሦስቱም ጥያቄ ፈቃዱ ላይ ግዴታ ሆኖ ገባ፦ ግንባታው ሳይጀመር ሁለት መተላለፊያ ይሠራ፣ መግቢያው ላይ እይታ የሚከልለው የድንጋይ ካብ ዝቅ ይበል፣ ከባድ መኪና ተማሪ በሚጓጓዝበት ሰዓት አይግባ።

ቤቶቹ ተሠሩ። መንገዱም ከድሮው የተሻለ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ በመጣ ቁጥር የምከተለውን አካሄድ ነው ከዚህ በታች የማስቀምጥላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የስኮትላንድ የፕላን ሕግ፣ ማለትም የት ምን ይሠራ የሚለውን የሚወስነው ሕግ፣ ከእንግሊዝ የተለየ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1997 የስኮትላንድ ሕግ ሲሆን በ2019 ተሻሽሏል። ለንደን ያለ ወዳጃችሁ የሚነግራችሁ ነገር እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ኢንተርኔት ላይ ስታነቡም ገጹ ስለየትኛው አገር እንደሚናገር እዩ።

1. ቀኑን ያዙ

ማመልከቻ ሲገባ ካውንስሉ ለጎረቤት ደብዳቤ ይልካል። ጎረቤት የሚባለው ግን ከግንባታው ቦታ ወሰን በ20 ሜትር ውስጥ ያለ ብቻ ነው። ከተማ ላይ ይህ ብዙ ሰው ያዳርሳል። ገጠር ላይ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ የሚኖር፣ በየቀኑ በዚያው መንገድ የሚወጣና የሚገባ ሰው ምንም ወረቀት አይደርሰውም። ስለዚህ ደብዳቤ አትጠብቁ። እያንዳንዱ ካውንስል በየሳምንቱ የገቡትን ማመልከቻዎች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ሳምንት በሳምንት አንድ ቀን መርጣችሁ የአካባቢያችሁን ስም ፈልጉ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደብዳቤ ከደረሳችሁ ደግሞ ቢያንስ 21 ቀን አላችሁ። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ጀምሮ እንጂ እናንተ ከከፈታችሁበት አይደለም። ፖስታው ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ከተቀመጠ ሳምንቱ ሄዷል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ መጻፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደምል ወደ መጨረሻው ስንደርስ ታያላችሁ።

ደግሞ ማንም ሰው መጻፍ ይችላል። ዜግነት አይጠየቅም፣ የቤት ባለቤት መሆንም አይጠየቅም። ይህን አጥብቄ የምናገረው «እኔ እንግዳ ነኝ፣ ምን አገባኝ» ብሎ የሚተው ሐበሻ ስላየሁ ነው። በዚያ መንገድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትነዱት እናንተ ናችሁ፤ ያገባችኋል።

2. ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ብዙው ማመልከቻ የሚወሰነው በካውንስሉ ነው። ሎክ ሎመንድና ትሮሳክስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆናችሁ ግን የሚወስነው ፓርኩ ራሱ ነው። ኬርንጎርምስ በሚባለው ሌላው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማመልከቻው ለካውንስሉ ይገባል፣ ፓርኩ ከፈለገ ወደ ራሱ ይጠራዋል። ከ50 ሜጋዋት በላይ የሚያመነጭ የንፋስ ኃይል ጣቢያ ከሆነ ደግሞ ወደ ስኮትላንድ መንግሥት የኢነርጂ ፈቃድ ክፍል ይሄዳል፤ ካውንስሉ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይወስንም።

መንገዱም እንደዚሁ ባለቤት አለው። እንደ ኤ9፣ ኤ82 እና ኤ87 ያሉት ዋና ዋና መንገዶች ትራንስፖርት ስኮትላንድ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ናቸው። የቀረው የሕዝብ መንገድ የካውንስሉ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ካውንስሉ የማይጠግነው የግል መንገድ ነው፤ ገጠር ላይ ይህ ሞልቷል። ካውንስሉ የሚጠግናቸው መንገዶች መዝገብ ስላለው ጠይቃችሁ አረጋግጡ። አስፋልት ስለሆነ ብቻ የካውንስል ነው አትበሉ።

የግል መንገድ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «በእኔ መሬት ላይ የማለፍ መብት የለውም» የሚለው ክርክር የፕላን ጉዳይ አይደለም። የባለቤትነትና በሰው መሬት የማለፍ መብት ክርክር ነው፣ መልሱም የመሬት መዝገቡ ላይና ጠበቃ ዘንድ ነው። ሰው ለ20 ዓመት ያለ ተቃውሞ በግልጽ ሲተላለፍ ከኖረ መብት ሊያገኝ እንደሚችልም እወቁ። ካውንስሉ ፈቃድ ሰጠ ማለት ሰውየው በእናንተ መሬት ማለፍ ይችላል ማለት አይደለም፤ እናንተም መብት የለውም ስላላችሁ ካውንስሉ ፈቃዱን አይከለክልም።

3. ሥዕሉን አንብቡ

ድረ ገጹ ላይ ማመልከቻውን ስትከፍቱ ብዙ ሰነድ ይወርዳል። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። መጀመሪያ የቦታውን ካርታ ክፈቱ። ቀይ መስመር ማመልከቻው የሚመለከተው መሬት ነው፣ እስከ ሕዝብ መንገዱ ድረስ ያለውን መግቢያ መያዝ አለበት። ሰማያዊ መስመር ካለ አመልካቹ ያለው ሌላ መሬት ነው።

ቀጥሎ መግቢያው ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተሰመሩትን ሁለት ሰያፍ መስመሮች ፈልጉ። የእይታ ክልል ናቸው፣ ባለሙያዎቹ ቪዚቢሊቲ ስፕሌይ ይሏቸዋል። ከመግቢያው የሚወጣ ሾፌር ከአስፋልቱ ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ 2.4 ሜትር ወደ ውስጥ ሆኖ የሚመጣውን መኪና ማየት አለበት። ምን ያህል ርቀት የሚለው በፍጥነቱ ይወሰናል። በሰዓት 60 ማይል ለሚነዳበት መንገድ የተለመደው መለኪያ 215 ሜትር ነው። የገጠሩ መንገድ ምልክት ከሌለው የፍጥነት ገደቡ 60 ማይል ነው፤ እውነተኛው ፍጥነት ከዚያ በጣም ያነሰ መሆኑ ተለክቶ ከታየ ግን ባለሙያዎቹ አጠር ያለ ርቀት ሊቀበሉ ይችላሉ።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ። እነዚያ ሰያፍ መስመሮች የሚያልፉት በማን መሬት ላይ ነው? ከቀዩም ከሰማያዊውም መስመር ውጭ ወጥተው የሌላ ሰው አጥርና ዛፍ ላይ ካረፉ፣ አመልካቹ ያንን አጥር የመቁረጥ ሥልጣን የለውም። ዛሬ ቢታይ እንኳ በሁለት ዓመት ውስጥ ቁጥቋጦው አድጎ ይጋርደዋል። ሰው ሁሉ አልፎት ሲሄድ የማየው ነጥብ ይህ ነው፣ ደግሞ ከብዙ ገጽ ቁጣ ይበልጣል።

የትራፊክ ጥናት ተያይዞ ከሆነ መኪና የተቆጠረበትን ወር እዩ። ኖርዝ ኮስት 500 የሚባለው የሰሜን ዳርቻ ዙር ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተጀመረ ወዲህ በዚያ መስመር ላይ ያለ መንገድ በየካቲትና በሐምሌ አንድ አይደለም። በበጋ ካራቫኑና ካምፐርቫኑ ይሰለፋል። ቆጠራው በክረምት ተደርጎ ከሆነ ይህንን በጽሑፍ አንሱት።

4. ወጥታችሁ ለኩ

ሥራው እዚህ ላይ ነው። ሜትር፣ ስልክና ደብተር ያዙ። የሚያንጸባርቅ ሰደሪያ ልበሱ፣ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ኩርባ ላይ መንገዱ መሃል አትቁሙ።

ከዋናው መንገድ መገንጠያ እስከ ግንባታው ቦታ ድረስ መጀመሪያ በመኪና ሂዱና መተላለፊያዎቹን ቁጠሩ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት የመኪናው ቆጣሪ ወይም የስልኩ ካርታ ይነግራችኋል። ከአንዱ ላይ ቆማችሁ ቀጣዩ ይታያል ወይ? የማይታይ ከሆነ ሁለት ሾፌር ሳይተያዩ ገብተው መሃል ላይ ይገጣጠማሉ፣ አንዱ ወደ ኋላ መንዳት አለበት። እነዚህን ቦታዎች ካርታ ላይ ምልክት አድርጉባቸው።

ከዚያ በጣም ጠባብ የሆኑትን ሦስት አራት ቦታዎች ለኩ። አስፋልቱን ብቻ ለኩ፣ ሣሩን አትጨምሩ። ትልቁ የጭነት መኪና በሕግ እስከ 2.55 ሜትር ስፋት ሊኖረው ይችላል፣ መስታወቱ ሳይቆጠር። መንገዱ 2.9 ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን ስንት ሳንቲም ሜትር እንደሚቀር ማንም ያሰላዋል። ጠርዙ የተሰባበረበት፣ ጎማ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ቦይ የቆፈረበት ቦታ ካለ ፎቶ አንሱ፤ አሁን ያለው ትራፊክም እንኳ እንደማይበቃው ያሳያልና። ድልድይ ካለ የክብደት ገደብ ምልክቱን አንሱ። ውሃ የሚተኛበት፣ በረዶ የሚያድርበትን ጥላ ቦታ አትርሱ። እኔ ክረምት ላይ ያነሳሁትን ፎቶ አላጠፋም፣ በበጋ ማመልከቻ ሲመጣ ያን ጊዜ የት ይገኛል?

መኪና መቁጠርም ጥሩ ነው። ተማሪ በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰዓት አንድ የሥራ ቀን፣ ከዚያ አንድ ቅዳሜ። ማን ቆጠረ፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት ቆየ የሚለውን ጻፉ። በእግር የሚሄድ፣ ብስክሌት የሚነዳ፣ ፈረስ የሚጋልብ ሰውም ይቆጠር። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሰው የሚሄደው አስፋልቱ ላይ ነው።

ካውንስሉ ራሱ የለካው የፍጥነት ወይም የትራፊክ ቁጥር ካለ በመረጃ ነጻነት ሕግ መጠየቅ ትችላላችሁ። በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ስለዚህ ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀን ላኩት።

5. ጻፉ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይሻላል። ባለሙያዋ ወይም ባለሙያው ብዙ ማመልከቻ ይዘው ነው የሚያነቡላችሁ። የማመልከቻውን ቁጥር ከላይ አስቀምጡ። ተቃውሞ፣ ድጋፍ ወይም ገለልተኛ አስተያየት መሆኑን ግለጹ።

ለውሳኔው ከግምት የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ የመንገድ ደህንነት፣ መግቢያ፣ መኪና ማቆሚያ፣ ጎርፍና ፍሳሽ፣ ጫጫታ። የማይገቡም አሉ፦ የቤታችሁ ዋጋ መቀነስ፣ ከመስኮታችሁ የሚታየው ተራራ መሸፈን፣ የአመልካቹ ጠባይ፣ የንግድ ፉክክር። የኋለኞቹን ከጨመራችሁ የፊተኞቹን ያደበዝዛሉ። ያማል፣ አውቃለሁ፤ ያ ተራራ የእኔም ነው። ግን አውጡት።

ካውንስሉ የሚወስነው በጸደቀው ፕላን መሠረት ነው። ይህም የአካባቢው የልማት ፕላንና እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 የጸደቀው ብሔራዊ የፕላን ማዕቀፍ 4 ማለት ነው። ከማዕቀፉ ፖሊሲ 13 ስለ ትራንስፖርት ነው፣ ፖሊሲ 17 ስለ ገጠር ቤቶች፣ ፖሊሲ 18 መሠረተ ልማት ይቅደም የሚል፣ ፖሊሲ 29 ስለ ገጠር ልማት። እነዚህን ከፍታችሁ ከእናንተ ጉዳይ ጋር የሚገናኘውን አንቀጽ በቁጥር ጥቀሱ።

ናሙና ላሳያችሁ፣ ቁጥሩ ምሳሌ ነው፦

«ከመገንጠያው እስከ ቦታው 1.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን አራት መተላለፊያ ብቻ አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 600 ሜትር አለ፣ አንዱ ከሌላው አይታይም (ፎቶ 2 እና 3)። ከድልድዩ አጠገብ አስፋልቱ 2.8 ሜትር ነው (ፎቶ 4)። የተማሪ አውቶቡስ በቀን ሁለት ጊዜ ያልፋል። ካውንስሉ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ ማንኛውም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በካርታው ላይ ሀ እና ለ ባልኩባቸው ቦታዎች ሁለት መተላለፊያ ተሠርቶ እንዲጠናቀቅ ግዴታ እንዲገባ እጠይቃለሁ።»

«ከመጀመሩ በፊት» የሚለውን ሐረግ እዩት። እንዲህ ያለው ግዴታ እዚህ የግራምፒያን ግዴታ ይባላል፤ ስሙ የመጣው በ1980ዎቹ የብሪታኒያ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ከወሰነው የስኮትላንድ ጉዳይ ነው፣ እሱም የመንገድ ነገር ነበር። ጥቅሙ መንገዱ የአመልካቹ ባይሆንም እንኳ «ይህ ሳይሠራ አትጀምርም» ማለት መቻሉ ነው። ቤቱ አልቆ ሰው ከገባ በኋላ መተላለፊያ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው።

ሌላ የሚጠየቅ ነገር፦ ከባድ መኪና የሚበዛበት ሥራ ከሆነ የግንባታ ትራፊክ ዕቅድ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የመንገዱ ሁኔታ በፎቶ እንዲመዘገብ፣ ጉዳቱንም አድራሹ እንዲከፍል። እ.ኤ.አ. የ1984 የስኮትላንድ መንገዶች ሕግ አንቀጽ 96 ካውንስሉ ከተለመደው በላይ በከባድ ጭነት ለተጎዳ መንገድ ወጪውን እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል። በስሙ ጥሩት።

ደብዳቤያችሁ በይፋ እንደሚወጣም አትርሱ። ስማችሁን ጎረቤት ያየዋል። ስለዚህ «እዚያ ቤት ያሉት እናት የልብ ሕመምተኛ ናቸው፣ አምቡላንስ ይዘገይባቸዋል» ብላችሁ የሰው ምስጢር አትጻፉ። «በመንገዱ ላይ የድንገተኛ አገልግሎት የሚፈልጉ አረጋውያን ይኖራሉ» ይበቃል።

6. ከሰው ጋር ሥሩ

ከመጻፋችሁ በፊት ከተቻለ አመልካቹን አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ ጭራቅ አይደለም። ተወልዶ ያደገበት ቦታ ቤት መግዛት ያቃተው ወጣት ሊሆን ይችላል፣ ገጠሩ ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ ልጅ ከሌለ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ሥዕሉ ሳይጸድቅ መግቢያውን አሥር ሜትር ማዛወር ለእሱ ቀላል ነው። ቡና አፍልቼ ጠርቼ የተስማማሁበት ጊዜ አለ።

ኮሚኒቲ ካውንስል የሚባለውን የመንደር ምክር ቤት አትለፉት። ደመወዝ የላቸውም፣ ሥልጣናቸውም ትንሽ ነው፤ ማመልከቻ ላይ ግን በሕግ የመጠየቅ መብት አላቸው። ስብሰባቸው ክፍት ነው። ፎቶዎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና በእነሱም ስም እንዲጻፍ ጠይቁ። የተመረጡት የካውንስል አባላት ዘንድ ስትሄዱ ግን በፕላን ኮሚቴው ያሉት አስቀድመው ወገን መያዝ እንደማይችሉ እወቁ። ዝም ቢሏችሁ ንቀት አይደለም። ነጻና ገለልተኛ ምክር ከፈለጋችሁ ፓስ የሚባል የስኮትላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ።

አንድ ዓይነት ደብዳቤ ኮርጆ ሃምሳ ሰው ቢልከው ብዙ አይረዳም። ይልቅ አንዱ ስለ አውቶቡሱ፣ አንዱ ስለ በጎቹ፣ አንዱ ስለ በረዶው የሚያውቀውን ይጻፍ። ድጋፍም ይጻፋል። ስካይ ደሴት ላይ ወደ ፌሪ ፑልስ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ጎብኚ መኪናውን ዳር ላይ እየተወ መንገዱ ይዘጋ ነበር፤ ያቃለለው ራሱን የቻለ የመኪና ማቆሚያ መሠራቱ ነው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲመጣ ዝም አትበሉ።

ግንባታው ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ 50 ቤትና ከዚያ በላይ፣ አመልካቹ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በፊት ማሳወቅና ሁለት የሕዝብ ዝግጅት ማድረግ አለበት። ሂዱ፣ ጠይቁ። ግን እዚያ የሞላችሁት ቅጽ የሚደርሰው ለአመልካቹ ነው። ማመልከቻው ሲገባ ለካውንስሉ እንደገና መጻፍ አለባችሁ። ብዙ ሰው «ተናግሬአለሁ» ብሎ በዚህ ይቀራል።

ግንድ የሚጭኑት መኪናዎች ግን ለብቻቸው ናቸው። ዛፍ መቁረጥ የፕላን ፈቃድ ሳይሆን የስኮትላንድ ደን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ነው። ለግንድ መኪና የተስማሙባቸው መንገዶች ካርታ አለ፤ መንገዳችሁ «በምክክር» የሚለው ውስጥ ከሆነ ጫኚው አስቀድሞ ካውንስሉን ማነጋገር ይጠበቅበታል። ጫኚው አነጋግሯቸው እንደሆነ የካውንስሉን የመንገድ ክፍል ጠይቁ።

7. ከውሳኔው በኋላ

ፈቃድ ከተከለከለ አመልካቹ በሦስት ወር ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ፈቃድ ከተሰጠ ግን እናንተ ይግባኝ የላችሁም። ስኮትላንድ ውስጥ ተቃዋሚ ይህ መብት የለውም። የሚቀረው በሦስት ወር ውስጥ ኤዲንብራ ላለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ነው፣ እሱም ውድ ነው፣ የሚያየውም ሕጉ መጣሱን እንጂ መንገዱ መጥበቡን አይደለም። ካውንስሉ አሠራሩን አበላሽቶ ከሆነ መጀመሪያ ለራሱ አቤት ብላችሁ ካልሆነ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂው መሄድ ይቻላል፣ በ12 ወር ውስጥ። በ21ዱ ቀን ሥሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

የፈቃዱን ወረቀት አውርዳችሁ ግዴታዎቹን በቁጥር አንብቡ። «ከመጀመሩ በፊት» የሚሉትን ለዩና አትማችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። አመልካቹ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ለካውንስሉ ማሳወቅ አለበት፤ ደውላችሁ ጠይቁ። መተላለፊያው ሳይሠራ ቆፋሪ መኪና ከገባ በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ፣ ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ የማመልከቻውን ቁጥርና የግዴታውን ቁጥር ጨምራችሁ ለካውንስሉ የፕላን ማስከበሪያ ክፍል ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ ካልመጣ እንደገና ላኩ፣ ኮሚኒቲ ካውንስሉንም ግልባጭ አድርጉ። እኛ ሸለቆ ውስጥ ሁለተኛው መተላለፊያ የተሠራው በሦስተኛው ኢሜል ነው። ዛሬ ጠዋት እዚያ ውስጥ ገብቼ የተማሪውን አውቶቡስ አሳለፍኩ።